ክረምቱ ይምረጥልህ

የአክስቴ ልጅ ሲደውል አብዛኛውን ጊዜ ብር ፈልጎ ነው። ባለፈው ጥር ግን የፈለገው ቦት ነበር። "ብሮ፣ አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ? ቴሌግራም ላይ ቡችላ የምሸጥባት አንዲት ቦት ሥራልኝ፣ ትርፉን እንካፈላለን" አለኝ። ቡችሎቹ የት አሉ? ገና አልተወለዱም። እናትና አባት የሚሆኑትን ግን ገዝቷል። ሁለት ፖሜራኒያን፣ ወንድና ሴት፣ ባዘቶ የመሰሉ ነጫጭ፣ ከአንድ ሻጭ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ካርቶን።

"ወንድምና እህት ናቸው እንዴ?" አልኩት።

"ውሻ ናቸው" አለኝ።

ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። በእኛ ቤት ሁለት ሰው ለትዳር ሲታሰብ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የቅድመ አያቱን ስም የማያውቅ ጎረምሳ እንኳ የምታውቅለት አንዲት አክስት አታጣም። ባደግኩበት አካባቢ ያሉት ኑዌሮችም ከዘመድ ጋር መተኛትን ሩዋል ይሉታል፣ መዘዙም በሽታና ሞት ነው ብለው ይፈሩታል። ለውሻ ሲሆን ግን አንድም ቤት አንቆጥርም። የሚገርመው ለውሻ ቤት መቁጠር የጀመሩት ሰዎች የቆጠሩበት ምክንያት ከእኛ ጋር ተቃራኒ መሆኑ ነው። እኛ ዘር የምንቆጥረው ለመራቅ ነው። እነሱ መዝገብ የከፈቱት ለመቅረብ፣ ሌላ ደም እንዳይገባ ለማድረግ ነበር። ቦቷን ሳልጀምር ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ያነበብኩት ይህን ታሪክ ነው። መነሻዬ ግን ንባብ አይደለም፤ ፑኝዶ ነው።

ፑኝዶ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ጎግ ወረዳ ውስጥ፣ ጊሎ ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ውጭ ያለ ሰው የሚያውቃት በስደተኛ ጣቢያዋ ነው። ከ1987 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሱዳንን ጦርነት የሸሹ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በእግራቸው መጥተው ያረፉት እዚያ ነው። 1991 ላይ ደርግ ሲወድቅ ጊሎን እየተሻገሩ እንደገና ተሰደዱ፣ ብዙዎችም ወንዙ ውስጥ ቀሩ። ጣቢያው 1993 ላይ ዳግም ተከፈተ። አባቴ መምህር ሆኖ የተመደበው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔም እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ነበርኩ።

ፑኝዶ ውስጥ ውሻ ባለቤት አለው፣ አጥር ግን የለውም። አኝዋኮቹ ጉዎክ ይሉታል፣ ኑዌሮቹ ጂዮክ ይሉታል፣ እኛ ከደጋ የሄድነው ደግሞ ሁሉንም ቦቢ እንላለን። (ኢትዮጵያ ውስጥ ቦቢ ስም ይሁን ዝርያ እስካሁን አልገባኝም።) ቀጭን፣ እግሩ ረጅም፣ ጸጉሩ አጭር፣ ጅራቱ ወደ ላይ የታጠፈ ውሻ ነው። ስደተኛ ሲመጣ ውሻም ተከትሎ ይመጣል፣ የጣቢያው ከከተማው ጋር ይዳቀላል፣ ማንም የማንንም አባት አይጠይቅም።

ጎረቤታችን አንድ የአኝዋክ አዛውንት ነበሩ። ለአደን ይዘዋት የሚወጡ፣ ጆሮዋ የቆመ ቀይ ሴት ውሻ ነበረቻቸው። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ስድስት ወለደች። አባቴ ወደ ግቢያቸው ወስዶኝ ሁለታችንም ያየነው አንዱን ብቻ ነበር፤ ክብ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ወተቱን ከሌሎቹ ቀምቶ የሚጠባ። አባቴ "አባቴ፣ ይቺን ወፍራሟን ለልጁ ይስጡልኝ" አላቸው። ወንድ መሆኑን እንኳ አላየም ነበር።

አዛውንቱ በሚችሏት አማርኛ ሁሉንም ሰው "አንተ" ነበር የሚሉት፣ ባለሥልጣንም ቢሆን። "አይ፣ መምህር" አሉ። "አሁን አትምረጥ። ክረምቱ ይምረጥልህ።"

እዚያ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይከርማል። ጊሎ ሞልቶ ይወጣል፣ መዥገሩ በአንድ ሌሊት ጆሮ ይሸፍናል፣ ገንዲ የሚያመጣው ዝንብ ከብቱን ብቻ ሳይሆን ውሻውንም ይነክሳል። ከስድስቱ ሁለት ተረፉ። ወፍራሙ በሐምሌ ሞተ። ለእኔ የተሰጠችኝ አጥንቷ የሚቆጠር፣ ማንም ዓይኑን ያልጣለባት ትንሿ ነበረች፤ ስሟን ቦቢ አልናት፣ አሥር ዓመት ኖረች።

ይህን ታሪክ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ ሁልጊዜም የአዛውንቱ ጥበብ ሆኖ ነው የሚነገረው። ተፈጥሮ አዋቂ ናት፣ ሰው አያበላሽባት ዓይነት። አሁን ሳስበው አንድ ነገር እየዘለልኩ ነበር። ወፍራሙን ከቤታችን ጀርባ በዶማ ቆፍሬ የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ አዛውንቱ ልጅ ስለሆንኩ እንዳዝን ብለው ሰጥተውኝ። ክረምቱ መረጠ የምንለው ነገር በተግባር ሲታይ አራት የሞቱ ቡችሎች ናቸው። ታዲያ ክረምት በማይመርጥበት ቦታ፣ ቡችላው ሁሉ ተከትቦና ተመግቦ በሚያድግበት ቤት፣ መራጩ ማነው?

ቤተ መንግሥት ለምሳሌ። ትንሽ የፈረንጅ ውሻ ኢትዮጵያ ውስጥ ስም ያገኘው በሉሉ ነው። ሉሉ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቺዋዋ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲጓዙም ይከተላቸው ነበር። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ 1978 ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ሉሉን የጃፓን ዝርያ ያደርገዋል። በሹማምንት ጫማ ላይ ሲሸና እየተከተለ የሚጠርግ አገልጋይ ነበር የሚለውን ዝነኛ ወሬም የጻፈው እሱ ነው። ቤተ መንግሥቱን ከውስጥ የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን መጽሐፉን አጥብቀው ተቃውመውታል፤ እኔም የውሻውን ዝርያ ያሳሳተ ሰው ስለ ሽንቱ እንዴት እርግጠኛ ሆነ እላለሁ። ብቻ ቺዋዋ ከ2.7 ኪሎ መብለጥ የለበትም የሚል ደንብ ያለው ውሻ ነው። ግዛቱን በአንበሳ የሚመስል ንጉሥ ጭኑ ላይ ያስቀመጠው ከዶሮ የማይከብድ ውሻ መሆኑ ሁሌም ደስ ይለኛል።

አንበሶቹ ደግሞ ለእኔ ጥያቄ ከሉሉ ይበልጥ ይጠቅማሉ። የአንበሳ ግቢ 1948 ላይ ሲመሠረት ዘሩን ያስጀመሩት አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች ናቸው ይባላል። ሁለት እናት! ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የአክስትና የአጎት ልጅ ነው ማለት ነው። 2012 ላይ የታተመ ጥናት ከግቢው አንበሶች የአሥራ አምስቱን ዘረመል መርምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አገኘ። አጥኚዎቹም ዘሩ እንዳይጠፋ በዕቅድ ይራባ ብለው አሳሰቡ። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ የግቢው ደቦሎች ማሳደጊያ ቦታና ገንዘብ ጠፍቶ በመርዝ ይገደላሉ የሚል ዜና በዓለም ሚዲያ ወጥቶ ነበር። ሁለቱን ዜናዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡአቸው። በአንድ በኩል በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለ ዘር፣ በሌላ በኩል የሚወለደው የት እንደሚሄድ ሳይታሰብ የተወለደ ደቦል። ማርባት የሚጀምረው ከማጣመሩ በፊት፣ የሚወለደው የት ያድራል ከሚለው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ለንደን፣ ምክንያቱም የአክስቴ ልጅ ነጫጭ ውሾች ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ፖሜራኒያን ድሮ ትንሽ አልነበረም። ስሙን ያገኘው ዛሬ ጀርመንና ፖላንድ ከሚካፈሉት የባልቲክ ባሕር ዳርቻ ነው፤ ዘመዶቹ በበረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ ናቸው። ንግሥት ቪክቶሪያ (አዎ፣ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ የተወሰደባት ያቺው) 1888 ላይ ፍሎረንስ ሄዳ ማርኮ የሚባል አንድ ትንሽ ፖሜራኒያን ገዛች። ማርኮ አምስት ኪሎ ተኩል አካባቢ ይመዝን ነበር፣ ለዚያን ጊዜ ይህ ትንሽ ነው። 1891 ላይ በክራፍትስ ትርኢት አቀረበችው። ንግሥት የያዘችውን ማን አይፈልግም? ከዚያ ወዲህ ትንንሹ ከትንንሹ ጋር እየተጣመረ ሄደና ዛሬ የአሜሪካው ደንብ ከ1.4 እስከ 3.2 ኪሎ ይላል። ክረምት አልመረጠም፣ አደን አልመረጠም፤ የመረጠው ዓይን ነው።

ዓይን ብቻውን ብዙ ጉዳት ላያደርስ ይችል ነበር። ጉዳዩን ያከረረው መዝገቡ ነው። 1873 ላይ ለንደን ውስጥ ኬኔል ክለብ ተመሠረተ፣ በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያው የዘር መዝገብ ታተመ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ የውሻውን አባትና እናት በወረቀት ማወቅ ለእኔ ቢጤ ሰው ደስ ይላል። ችግሩ መዝገቡ በብዙ ዝርያ ላይ ከጊዜ በኋላ መዘጋቱ ነው። ከተመዘገበ አባትና እናት ካልተወለደ አይገባም። በእኔ ሙያ ቋንቋ ማንበብና ማጥፋት ብቻ የሚፈቀድበት፣ አዲስ መጻፍ የተከለከለበት ዳታቤዝ በሉት። አንድ የሚያምር ወንድ ዋንጫ ሲያሸንፍ ሁሉም ሴቱን ወደ እሱ ይወስዳል፤ ሌሎቹ ወንዶች ሳይወልዱ ያረጃሉ፤ ከእነሱ ጋር የነበረው ዘር ለዘለዓለም ይሰረዛል። ባክአፕ የለም።

ባክአፕ ነበረው፣ ያውም ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ የምለው አንድ ዝርያ ግን አለ። ባሰንጂ ይባላል። አሥራ አንድ ኪሎ የሚመዝን፣ ጆሮው የቆመ፣ ጅራቱ የተጠቀለለ፣ እንደ ሌላው ውሻ የማይጮኽ ውሻ ነው። ("ውሻ በበላበት ይጮኻል" ለሱ አይሠራም፤ የሚያወጣው ድምፅ እንደ ማንጎራጎር ነው።) መነሻው የኮንጎ ደንና የደቡብ ሱዳን ምዕራባዊ ጫፍ ነው። አዳኞች ስለማይጮኽ የት እንዳለ ለማወቅ አንገቱ ላይ የእንጨት ደወል ያስሩለታል። ፎቶውን መጀመሪያ ሳየው የአዛውንቱን ቀይ ውሻ ያየሁ ነው የመሰለኝ። የእሷ ዘር ባሰንጂ ነው አላልኩም። መልክ ዘር አይደለም፣ ፑኝዶና የዛንዴዎች ሀገርም በመሃላቸው ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ አለ።

እንግሊዞች ባሰንጂን 1895 ላይ በክራፍትስ አሳይተው ነበር፣ ግን ውሾቹ ብዙም ሳይቆዩ በበሽታ አለቁ። ዝርያው አውሮፓ ላይ የቆመው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው፣ በጥቂት ውሾች። ከአርቢዎቹ አንዷ ቬሮኒካ ቱዶር-ዊሊያምስ ደሙ እየጠበበ መሄዱ ስላሳሰባት 1959 ላይ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደ ደቡብ ሱዳን፣ ወደ ዛንዴዎች ሀገር ሄደች። ከመንደር መንደር እየዞረች የሰው ውሻ ስታይ ከረመች። ያመጣቻት ቀይ ሴት ውሻ ፉላ ትባላለች። ሙሉ ስሟ "ፉላ ኦቭ ዘ ኮንጎ" ነው፣ የአርቢዋ ቤት መጠሪያ ስለሆነ እንጂ የተገኘችውስ ሱዳን ነው። ዛሬ ምዕራቡ ዓለም ውስጥ ካሉት ባሰንጂዎች ፉላን ቅድመ አያት ያላደረገ ማግኘት ይከብዳል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ቱዶር-ዊሊያምስ ደሙን ለማስፋት ሄዳ ያመጣችው አንዲት ውሻ በጣም ጥሩ ሆነችና፣ ሁሉም የእሷን ልጆች ስለፈለገ፣ መስፋቱ ራሱ ሌላ ጥበት ሆነ። ጥሩ መምረጥ አንድ ነገር ነው፣ የመረጡትን ብቻ ደጋግሞ መጠቀም ሌላ።

ዕዳው የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በባሰንጂዎች ላይ ፓይሩቬት ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ባለመኖሩ የሚመጣ፣ ገና በወጣትነታቸው የሚገድል የደም ማነስ ታየ። በሽታው ድብቅ ነው። ጉድለቱን ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ውሻ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፣ ተሸካሚ ይባላል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጣመሩ ግን ከአራት ቡችላ አንዱ በአማካይ ይታመማል። በ1970ዎቹ ተሸካሚን በደም ምርመራ መለየት ሲቻል አርቢዎቹ ትልቅ ሥራ ሠሩ፤ ተሸካሚዎቹን በሙሉ ከማርባት አወጡ። በሽታው ጠፋ ማለት ይቻላል። እንደ ፕሮግራመር ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ እስካነብ።

ቀጥሎ ፋንኮኒ መጣ። ኩላሊት ስኳሩንም ሌላውንም ጠቃሚ ነገር በሽንት የሚያፈስበት በሽታ ነው። መጀመሪያም ነበረ። ነገር ግን ተሸካሚዎቹ ሲወጡ ጤነኛው ዘራቸውም አብሮ ወጣ፣ የቀሩት ጥቂት መስመሮች ውስጥ ደግሞ ፋንኮኒ ተደብቆ ነበርና በዛ። አንድ ባግ ለማስተካከል ፋይሉን በሙሉ ሰርዘው፣ የቀረውን ፋይል ቢከፍቱ ሌላ ባግ። የፋንኮኒ ተንኮሉ ዕድሜው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከአራት ዓመት በኋላ፣ ውሻው ወልዶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ስታጣምሩት ጤነኛ ነበር። ዓይን የማያየው ይህን ነው፣ ክረምትም አያየውም።

መፍትሔው ከየት መጣ? ከመንደር። 1987 እና 1988 ላይ አሜሪካውያን አርቢዎች ያኔ ዛየር ወደምትባለው ሀገር ሰሜን ምሥራቅ ሄደው ከአዳኞች አዲስ ውሾች አመጡ። 1990 ላይ የአሜሪካው ኬኔል ክለብ የተዘጋውን መዝገብ ለአሥራ አራት የአፍሪካ ውሾች ከፈተ። በኋላም እስከ 2013 ድረስ እንደገና ተከፍቶ ቆየ። የፋንኮኒ የዘረመል ምርመራ በበኩሉ 2007 ላይ በግምታዊ መልኩ፣ 2011 ላይ ደግሞ በቀጥታ ተገኘ። በዚህ ጊዜ አርቢዎቹ ከስህተታቸው ተምረው ነበር። ተሸካሚ የሆነ ጥሩ ውሻ አይጣልም፤ ከነጻ ውሻ ጋር ይጣመራል። ከእንደዚያ ጥምረት የታመመ ቡችላ አይወለድም፣ ጤነኛው ዘርም አይጠፋም፣ በሚቀጥለው ትውልድ ነጻው ይመረጣል። ቀስ ያለ ሥራ ነው። ሐዘን የሌለበት ክረምት ይመስለኛል፤ ሞት የሚመርጠውን መዝገብ እንዲመርጠው ማድረግ።

መዝገብ የሚከፍት ሁሉ እንዳልሆነ ደግሞ ኖርዌይ ምስክር ናት። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ የሚባለውን ትንሽ ስፓኒኤል ታውቁት ይሆናል፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ጆሮው ረጅም፣ ሲያዩት የሚያባባ። የተፈጠረው ሥዕልን መልሶ ለማግኘት ነው። አንድ አሜሪካዊ ሀብታም 1926 ላይ በድሮ የንጉሥ ቻርልስ ሥዕሎች ላይ እንዳለው አፍንጫው ረዘም ያለ ስፓኒኤል ላቀረበ ሃያ አምስት ፓውንድ ሽልማት አቆመ፣ ዝርያው ከጥቂት ውሾች ተነስቶ በ1945 ለብቻው ተመዘገበ። ዛሬ ብዙዎቹ ገና በአምስት ዓመታቸው ልባቸው ላይ ችግር ይሰማል፣ የራስ ቅላቸውም ለአንጎላቸው ይጠብባል። የኦስሎ ፍርድ ቤት 2022 ላይ እንዲህ ማርባት የእንስሳት ደህንነት ሕግን ይጥሳል ብሎ ወሰነ፣ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም 2023 ላይ በካቫሊየር ላይ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። ካቫሊየር ይጥፋ አይደለም ያሉት፤ ካቫሊየርን ከካቫሊየር ጋር ብቻ እያጣመሩ መቀጠል ነው የተከለከለው። እንግሊዝም በበኩሏ 2009 ላይ ከወንድምና እህት፣ ከአባትና ልጅ፣ ከእናትና ልጅ የሚወለድን ቡችላ ላለመመዝገብ ወስናለች። መቶ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸው ነው እንግዲህ ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁት ጋ የደረሱት።

የአክስቴ ልጅ ቤት የሄድኩት ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ነው፣ የካቲት ላይ። ውሾቹ በጣም ያምራሉ፣ አልዋሽም። ሴቷ ስምንት ወሯ ነበር፣ የመጀመሪያዋን ወንድ መፈለግ ጀምራ ነበር፣ እሱም ቀኑን እየቆጠረ ነበር። መጀመሪያ ቁጥር ነገርኩት፣ ምክንያቱም ንግድ ላይ ስለሆነ ቁጥር ይሰማል። የወንድምና እህት ቡችላ ከእያንዳንዱ አራት የዘር ቦታ በአንዱ ላይ፣ ማለትም ሃያ አምስት በመቶው ላይ፣ ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ቅጂ ይዞ ይወለዳል። የግማሽ ወንድማማች አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት፣ የአጎት ልጆች ስድስት ነጥብ ሃያ አምስት ነው። በድብቅ የተቀመጠ ጉድለት ካለ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

"እሺ ሌላ ወንድ ልፈልግላት?" አለ።

ከየት? ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በካርቶን የሚሸጠው ቡችላ አያቱ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሻጩን የውሾቹን እናት ማየት እንችላለን ወይ ብዬ በቴሌግራም ጻፍኩለት። መልእክቴን አነበበው፣ ከዚያ ብሎክ አደረገኝ። እኔ ይህን እንደ መልስ ነው የወሰድኩት።

እናቱን ካላየህ አትግዛ የሚለው ሕግ ለዚህ ነው። እናቱ ትታይ፣ ጠባይዋ ይታይ። የምትንቀጠቀጥ፣ የምትናከስ እናት ካየህ ተመለስ፣ ፍርሃትም ይወረሳል። እንደ ፖሜራኒያንና ቺዋዋ ያሉት ላይ ሐኪም የጉልበታቸውን ሎሚ በጣቱ ገፍቶ ይፈትሸዋል፤ ከቦታው የሚንሸራተት ከሆነ ያ ውሻ ሲዘል አንድ እግሩን እያነሳ የሚሮጠው "ስታይል" አይደለም። ልቡ ይደመጣል። ሲደሰት እንደ ዳክዬ የሚያስል ከሆነ የመተንፈሻ ቱቦው እየተጨፈለቀ ሊሆን ይችላል። የወተት ጥርሱ ሳይወድቅ በላዩ ላይ ቋሚው በቅሎ እንደሆነ ይታያል። አናቱ ላይ እርግብግቢቱ ሳይዘጋ ያደገ ትንሽ ውሻ ይኖራል። ፖሜራኒያን ላይ ደግሞ፣ በተለይ ወንዶቹ ላይ፣ ካደጉ በኋላ ጸጉራቸው ከገላቸው የሚረግፍበት ችግር አለ፤ እሱም በዘር ይሄዳል። ይህ ሁሉ በስምንት ወር አይታወቅም። ስለዚህ ሴት ውሻ በመጀመሪያ ፍላጎቷ አትጣመርም፣ ራሷ አድጋ ሳትጨርስ ሌላ አታሳድግም፤ ሁለት ዓመት አካባቢ መጠበቅ ነው። በጣም ትንሿ፣ "ሚኒ ናት" ተብላ በውድ የምትሸጠዋ፣ ጭራሽ መውለድ የለባትም። የቡችላው ጭንቅላት በዳሌዋ አያልፍም፣ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀዶ የሚያደርግ የእንስሳት ሐኪም ደግሞ በየሰፈሩ አታገኝም።

የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ሰማኝ። በመጨረሻ "አንተ እኮ ሀገር ቤት ያሉት ውሾች ማን መረመራቸው፣ ይኸው ይኖራሉ" አለ።

ይህን ክርክር እጠብቀው ነበር፣ ምክንያቱም የራሴ ነው። ለአሥር ዓመት እኔ ነበርኩ የማወራው። ስለዚህ ስለ ወፍራሙ ቡችላ ነገርኩት፣ ስለ ዶማውም። የእነሱ መራጭ ክረምት ነው፣ ያንተዎቹ ሶፋ ላይ ነው የሚከርሙት፣ ስለዚህ መራጩ አንተ ነህ አልኩት። መናገር የማልችለው ነገር ደግሞ ነበር፤ ገንዘቡ። ለሁለቱ ያወጣው የስድስት ወር ቁጠባው ነው። ኃላፊነት የሚሰማህ አርቢ ሁን ማለት ለሱ ለሁለት ዓመት እያበላህ አትሸጥ ማለት ነው፤ ምናልባትም ጭራሽ አትሸጥ። እኔ ደመወዝ እየበላሁ ይህን መናገር ቀላል ነው።

ወደ ሐኪም ወሰድናቸው። የሴቷ የግራ ጉልበት ይንሸራተታል፣ የወንዱም እንደዚያው፣ ያውም በዚያው በግራ በኩል። ሐኪሟ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጭኑ ደጋግማ ነክታ "ዘመዳሞች ናቸው አይደል?" አለች፣ ማንም ሳይነግራት። የአክስቴ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም። ሴቷ ከወር በኋላ እንዳትወልድ ተደረገች። ወጪውን ሦስት አራተኛውን እኔ ከፈልኩ፤ የቦቷ ትርፍ ድርሻዬ ነው ብሎ እስካሁን ይቀልድብኛል። ወንዱን ለማራቢያ የሚጠይቁት ሰዎች አሉ፣ አልሰጠም፤ ጉልበቱን ግን ለአንዳቸውም አልነገራቸውም፣ "አይወድም" ነው የሚላቸው።

ሚያዝያ ላይ ፑኝዶ ደወልኩ። አዛውንቱ ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ከኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፣ አብረን ነው ጊሎ ውስጥ ዋና የተማርነው። ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቱ ጤና ጠየቅኩትና የቀይዋ ውሻ ዘር አሁንም አለ ወይ አልኩት።

"የትኛዋ?"

"የአባትህ። ጆሮዋ የቆመ።"

ትንሽ አሰበና ሳቀ። "አንተ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሷ ነው" አለኝ። "ሌላ ውሻ የት አለ?"